ድሬዳዋ፣ መቐለ፣ ስምጥ ሸለቆ፣ አዲስ አበባ፦ ለየትኛው የቧንቧ ውሃ የትኛው ማጣሪያ?

ማጣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ውሃዎ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። ድሬዳዋ ላይ ቦይለር የሚደፍነውን ካልሲየም የሚያነሳ መሳሪያ ለስምጥ ሸለቆ ልጅ ጥርስ ምንም አይጠቅምም። ለስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የሚበጀው አር ኦ (ውሃውን በግፊት እጅግ ጠባብ በሆነ ስስ ሽፋን፣ በሜምብሬን፣ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ደግሞ ካልሲየም በበዛበት ውሃ ላይ ያለ ቅድመ ዝግጅት ከተተከለ ሜምብሬኑ ከጊዜው በፊት ይደፈናል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሁለቱም ገንዘብ ማውጣት የማያስፈልጋቸው ብዙ ቤቶች አሉ፤ የእነሱ ችግር ሮቶው ነው።

ከሁሉ በፊት መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በተለምዶ «ውሃው ካልሲየም አለው» የምንለው፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ቶታል ሃርድነስ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ይህ በውሃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዚየም ድምር ሲሆን ማንቆርቆሪያን ነጭ ያደርጋል፣ ሳሙና አላረፋ ይላል፣ ሻይ ላይ ስስ ቆዳ ያንሳፍፋል፣ የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ እንዳይበስል ያስቸግራል። ሁለተኛው ጤናን የሚነካው ጥራት ነው፦ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ጀርም። ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። በአገራችን ሳሙናን ደህና አድርገው ከሚያስረፉት የጉድጓድ ውሃዎች አንዳንዶቹ ለጥርስና ለአጥንት እጅግ አደገኞቹ ናቸው።

ሃርድነስ የሚለካው በሊትር ስንት ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት እንዳለ በማስላት ነው። እስከ 60 ያለው ለስላሳ ይባላል፤ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ነው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ጣሪያውን 300 ላይ ያስቀምጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለሃርድነስ ጤናን መሠረት ያደረገ ወሰን አላወጣም፤ ለፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም ብሎ ወስኗል። ካልሲየም የኩላሊት ጠጠር ያመጣል የሚለው ስጋት ብዙዎችን አላስፈላጊ ወጪ ውስጥ ይከታል። በሞቃት አካባቢ ለጠጠር ዋናው መንገድ ውሃ በበቂ አለመጠጣት ነው። ውሃው ካልሲየም አለው ብሎ መጠጣት የሚቀንስ ሰው የሚፈራውን ነገር ራሱ ይጠራዋል።

የየአካባቢው ውሃ ጠባይ

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ከምንጮቹ አንዱ የሳቢያን የጉድጓዶች መስክ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ኖራውን እያሟሟ ይወርዳል፣ ስለዚህ የካልሲየሙ ትልቁ ክፍል በባይካርቦኔት መልክ ነው ያለው። ይህ ዓይነቱ ሲሞቅ ይዘቅጣል። ቦይለሩ ውስጥ ቅርፊት ሆኖ የሚቀረው፣ ቧንቧውንም ከውስጥ እያጠበበ የሚሄደው እሱው ነው። ከካልሲየሙ ይልቅ ጤናን የሚመለከተው ግን ናይትሬት ነው። በከተማው ሥር ባለው የከርሰ ምድር ውሃ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚመጣ የናይትሬት ብክለት በጥናት ታይቷል። በግቢ ውስጥ የራስዎን ጉድጓድ አስቆፍረው ከሆነ ናይትሬት ሳያስመረምሩ ለሕፃን ወተት ማዘጋጃ አይጠቀሙበት።

መቐለ የሚለየው ከኖራ ድንጋዩ ጋር ጂፕሰም ያለባቸው ድንጋዮች ስላሉ ነው። ጂፕሰም ካልሲየም ሰልፌት ነው፣ ሰልፌት ያሰረው ካልሲየም ደግሞ በማፍላት አይወርድም። ስለዚህ ከአይናለም ጉድጓዶች ወይም ከግል ጉድጓድ የሚጠጣ ቤት «አፍልቼ አጠልለዋለሁ» የሚለውን ዘዴ ከማመኑ በፊት ቁጥሩን ማየት አለበት። ላቦራቶሪው አልካሊኒቲ (በዋናነት የባይካርቦኔቱ መጠን) የሚል መስመርም ይሰጣል። አልካሊኒቲው ከቶታል ሃርድነሱ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ካልሲየሙ በማፍላት የሚወርደው ዓይነት ነው። ካነሰ ልዩነቱ ያህል በማፍላት አይነካም። ለምሳሌ ሃርድነስ 450፣ አልካሊኒቲ 250 ከሆነ ቀኑን ሙሉ ቢያፈሉም 200 ያህሉ እዚያው ነው።

ከአዳማና ወንጂ አካባቢ ተነስቶ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ በኩል እስከ ሐዋሳ በሚዘልቀው ስምጥ ሸለቆ ነገሩ ይገለበጣል። የእሳተ ገሞራ ድንጋዩ ለውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይሰጠዋል፣ ካልሲየሙ ደግሞ ያንሳል። ካልሲየም ሲበዛ ፍሎራይድን ይዞ ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ካልሲየም ሲያንስ ግን ፍሎራይዱን የሚይዘው የለም፣ በውሃው ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ለስላሳው የጉድጓድ ውሃ ነው ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ የሚበዛበት። በወንጂ የስኳር ልማት መንደሮች የታየው የጥርስ መበለዝና የአጥንት ጉዳት ለአሥርት ዓመታት የታወቀ ነው። ከ1.5 በላይ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ጥርሳቸው ከድድ በታች ገና እየተሠራ ያሉ ልጆችን፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ ያሉትን፣ ለዘለቄታው ይጎዳል። ከዚያ በላይ እየጨመረ ሲሄድ አጥንትን ይነካል። ልብ ማለት የሚገባው ነገር ምንጩ ሲለያይ ቁጥሩም መለያየቱ ነው። አዳማ ውስጥ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ የቧንቧ ውሃና ከአንድ ድርጅት ግቢ ጥልቅ ጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ጎረቤት ሆነው ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የምታገኘው የገጸ ምድር ውሃ ለስላሳ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከዚያ የበለጠ ማዕድን አለው፣ ግን ከድሬዳዋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ማንቆርቆሪያው የሚነጣ የደቡብ አዲስ አበባ ቤት አለ፣ በሰሜን ወይም በምሥራቅ የማይነጣ አለ፣ ሥርጭቱ ሲቀያየር ደግሞ አንዱ ቤት ሁለቱንም ሊያይ ይችላል። የከተማዋ ትክክለኛ ችግር ፈረቃው ነው። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወድቃል፣ በስንጥቁ በኩል በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ውሃው ሲመለስም ዝገትና ደለል እየገፋ ይመጣል። ይህን የሚፈታው ክሎሪንና ንጹሕ ሮቶ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ያግኙ

ላቦራቶሪ ወስደው ቢያንስ እነዚህን ይጠይቁ፦ ቶታል ሃርድነስ፣ አልካሊኒቲ፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ቲ ዲ ኤስ (በውሃው የሟሟው ጨው በጠቅላላ)፣ ብረት፣ የኮሊፎርም (የጀርም ብክለትን የሚጠቁም ባክቴሪያ) ምርመራ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የውሃ ምርመራ ይሠራል። የከተማዎ የውሃ አገልግሎት ላቦራቶሪ ካለውም ውጤቱን ይጠይቁ፤ የአካባቢው ጉድጓድ ቁጥር ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተመዝግቦ ይገኛል።

ናሙናው ከሮቶ ሳይሆን በቀጥታ ከመስመር ከሚመጣ ቧንቧ ይቀዳ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያፍስሱ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ፣ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑት። ለፍሎራይድ የብርጭቆ ጠርሙስ አይሆንም። ለጀርም ምርመራ ላቦራቶሪው ራሱ የሚሰጠውን የተቀቀለ ጠርሙስ ይጠቀሙ፣ አያለቅልቁት፣ በቀዝቃዛ ሳጥን በ6 ሰዓት ውስጥ ያድርሱት። ውጤቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ጸሐይ ላይ ከዋለ ጠርሙስ የሚገኝ ቁጥር የቧንቧውን ውሃ አይናገርም።

ለቤት ፍተሻ በጠብታ የሚሠራ የሃርድነስ መለኪያ ከወረቀት ቁርጥራጩ ይሻላል። ቀለሙ እስኪለወጥ የጣሉትን ጠብታ ይቆጥራሉ፤ በጀርመን ዲግሪ የተሠራ ከሆነ አንዱ ጠብታ 17.8 ሚሊግራም ነው። መለኪያ ከሌለ ግልጽ ጠርሙስ ሲሶ ሞልተው ጥቂት ፍርፋሪ የልብስ ሳሙና ጨምረው በኃይል ይናጡት። አረፋው ጠፍቶ ነጭ እርጎ መሰል ነገር ከታየ ውሃው ካልሲየም አለው። በላርጎ አይሞክሩት፣ ላርጎ ካልሲየም ባለበትም ያረፋል።

ስለ ቲ ዲ ኤስ ሜትር አንድ ነገር መባል አለበት። ይህ ትንሽ ብዕር መሰል መሣሪያ የሟሟውን ጨው በጠቅላላ በግምት ይነግርዎታል እንጂ የትኛው ጨው እንደሆነ አይለይም። 250 የሚያሳይ የስምጥ ሸለቆ ውሃ 4 ሚሊግራም ፍሎራይድ ሊይዝ ይችላል፣ 700 የሚያሳይ የድሬዳዋ ውሃ ደግሞ ካልሲየም ብቻ ሊሆን ይችላል። ጀርምንም አያይም። ሻጮች ሁለት የብረት ዘንግ ውሃ ውስጥ ከትተው ኤሌክትሪክ ሲለቁበት ውሃው ቡናማ የሚሆንበት ማሳያም አለ። ያ ቡናማ ነገር ከዘንጉ የሚሟሟ ብረት ነው፣ ከውሃዎ የወጣ ቆሻሻ አይደለም። አር ኦ ያለፈው ውሃ ጥርት ብሎ የሚቀረው ጨው ስለሌለውና ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው። በዚህ ማሳያ ተደንግጠው አይግዙ።

ካልሲየምን ለሚመለከት፦ ማፍላት፣ ፖሊፎስፌት፣ ሶፍትነር

ማፍላት ለትንሽ መጠን፣ በባይካርቦኔት ለተያዘ ካልሲየም ይሠራል። ውሃው ይፍላ፣ ይቀዝቅዝ፣ ነጩ ሥሩ ላይ ይረጋ፣ ከዚያ ላዩን ቀስ ብሎ ማጥለል ነው። ለሻይ፣ ለቡናና ለንፍሮ ያህል በቂ ነው፣ ለልብስ ማጠቢያና ለቦይለር ግን ነዳጁ አይመጥነውም። ለጀርም ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፤ ዝቅ ባለ ቦታ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ፍሎራይድ ወይም ናይትሬት ባለበት ግን ማፍላት ያባብሳል። 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለው አንድ ሊትር ፈልቶ 750 ሚሊ ሊትር ሲቀር 4 ሆኗል ማለት ነው።

ፖሊፎስፌት ከቦይለር ወይም ከልብስ ማጠቢያ ማሽን በፊት የምትገባ ትንሽ ካርትሪጅ ናት። ካልሲየሙን አታነሳም፣ እንዳይለጠፍ ይዛ ታቆየዋለች። ስለዚህ ከእሷ በኋላ ሃርድነስ ቢለኩ ቁጥሩ ያው ነው፣ ይህ ብልሽት አይደለም። ከ60 ዲግሪ በላይ እየተፈረካከሰች ኃይሏ ይቀንሳል። ውሃው ሃርድነሱ ከ200 እስከ 300 ባለው መካከል ከሆነና ዓላማዎ ማሽኑን ማቆየት ብቻ ከሆነ ከሁሉ የምትረክስ መልስ ናት፣ ዱቄቷን በየጊዜው መሙላት ግን ግዴታ ነው። ባዶ ካርትሪጅ ያለባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

በቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ወይም የሽቦ ጥምጥም በእኛ ግምት ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም። ካልሲየሙን አያነሳም፣ ቅርፊትን ስለ መከላከሉም የሚታመን ወጥ ማስረጃ የለም።

ሶፍትነር ግን ሥራውን በትክክል ይሠራል። ታንኩ ውስጥ ያለው ሬዚን (ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣት) ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፤ ሲሞላ በጨው ውሃ ይታጠባል። አንድ ሊትር ሬዚን በአማካይ 50 ግራም ያህል ሃርድነስ ይይዛል። ስለዚህ 25 ሊትር ሬዚን ያለው ሶፍትነር 400 ሚሊግራም ሃርድነስ ባለው ውሃ ላይ 3,100 ሊትር ገደማ ይሠራል። በቀን 400 ሊትር የሚጠቀም አምስት ሰው ያለበት ቤት በየሳምንቱ ያጥበዋል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ማጠብ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ጨውና ከ150 እስከ 250 ሊትር ውሃ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ ሌሊት የሚታጠብ ሶፍትነር ሮቶውን ባዶ አድርጎ ጠዋት ያለ ውሃ ሊያስቀርዎ ይችላል።

በየቤቱ የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚሁ ነው። ሶፍትነሩን በቀጥታ በመስመር ላይ መትከል የተለመደ ስህተት ነው። መስመሩ ሲመለስ የሚገፋው ደለል ሬዚኑን ያቆሽሸዋል፣ ግፊቱ ደካማ ሲሆን ደግሞ የጨው ውሃውን መሳብ አይችልም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከመስመር ወደ ሮቶ፣ ከሮቶ ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፕ ወደ ደለል ማጣሪያ፣ ከዚያ ወደ ሶፍትነር ነው። ግፊቱ ከ2 ባር በታች እንዳይሆን። በሰዓት የሚሠራ መቆጣጠሪያ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይዛባል፣ እኩለ ሌሊት መታጠብ የነበረበት እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል፤ ውሃ በመቁጠር የሚሠራ ወይም መብራት የማይፈልግ ዓይነት ቢገዙ ይህ ችግር አይነካዎትም። ጨው ላይ ደግሞ አይቆጥቡ። አፈር የተቀላቀለበት ጨው ታንኩ ሥር ጭቃ ይሠራል፣ ደቃቅ የገበታ ጨው ደግሞ ላዩ ደርቆ ከሥሩ ባዶ ይሆናል። ጨው ያለ መስሎ ሃርድነሱ ሲመለስ በዱላ ወጋ አድርገው ያረጋግጡ። ንጹሕና ደረቅ ድፍን ጨው ይሻላል።

ሶፍትነር ያለፈ ውሃ ሶዲየም እንደሚጨምር አይርሱ። እያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ሃርድነስ 0.46 ሚሊግራም ሶዲየም ይተካል፤ የ400 ውሃ 184 ሚሊግራም ሶዲየም ያገኛል ማለት ነው። ለጣዕም የሚመከረው ወሰን 200 ነው። ደም ግፊት ያለበትና ጨው እንዲቀንስ የታዘዘ ሰው ወይም ሕፃን ካለ የማድ ቤቱ ቀዝቃዛ መስመር ከሶፍትነሩ በፊት ይነጠል። ለመጠጥም ለወጥም በዚያው ይጠቀሙ። የመጸዳጃና የአትክልት መስመርም እንዲሁ ይነጠል፣ ለእነሱ ጨው ማባከን ትርጉም የለውም። የቲ ዲ ኤስ ሜትሩም ከሶፍትነሩ በኋላ እንዳይቀንስ ይጠብቁ፣ ካልሲየሙ ሄዶ ሶዲየሙ ስለሚገባ ቁጥሩ አይወርድም።

የእኛ ምክር ለድሬዳዋ ይህ ነው፦ ሃርድነሱ ከ300 በላይ ሆኖ ቦይለር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ብዙ ሰው ላለበት ቤት፣ ሆቴል ወይም የቡና ማሽን ላለው ካፌ ሶፍትነር ይመጥናል። በባልዲ የሚታጠብና ቦይለር የሌለው ቤት ግን አያስፈልገውም። ለሻይና ለንፍሮ የፈላ ውሃ ይበቃዋል።

ፍሎራይድን ለሚመለከት፦ አር ኦ፣ አጥንት ከሰል፣ አሉሚና፣ ሌላ ምንጭ

ሶፍትነር ፍሎራይድን አይነካም፣ ሸክላ ማጣሪያም አይነካም፣ ተራ ከሰል ካርትሪጅም አይነካም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱን የገዙ ቤቶች አሉ።

አር ኦ ፍሎራይድን ከ85 እስከ 95 በመቶ ያወርዳል። 5 ሚሊግራም ላለው ውሃ ከወሰኑ በታች ያደርሳል፣ 10 ላለው ግን ሜምብሬኑ ትንሽ ሲያረጅ ከወሰኑ ያልፋል። ናይትሬትንም ይቀንሳል፣ ግን ከፍሎራይዱ ባነሰ መጠን። የሚጠይቀው ነገር አለ። አንደኛ ግፊት፦ ቢያንስ 3 ባር ይፈልጋል። ሮቶ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ጣሪያ ላይ 4 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.4 ባር ብቻ ይሰጣል፤ የራሱ ፓምፕ የሌለውን አይግዙ። ሁለተኛ የሚጣለው ውሃ፦ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከ2 እስከ 4 ሊትር ይፈሳል። በቀን 20 ሊትር ከፈለጉ እስከ 80 ሊትር በበርሜል ይሰብስቡ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ይሁን። ፍሎራይዱ በዚያ ስለተጠራቀመ ለመጠጥም ለከብትም አይሁን። ሦስተኛ ክሎሪን ሜምብሬኑን ይበላዋል፣ ስለዚህ ከፊቱ ያለው ከሰል ካርትሪጅ በየ6 እስከ 12 ወሩ መቀየር አለበት። አራተኛ ሃርድነሱ ከ170 ካለፈ ሜምብሬኑ ላይ ቅርፊት ይይዛል። ድሬዳዋ ወይም መቐለ ላይ አር ኦ የሚተከለው ከሶፍትነር በኋላ ነው። አር ኦ ያለፈው ውሃ ክሎሪን ስለሌለው ለቀናት አይቀመጥም፤ በተዘጋ ንጹሕ ዕቃ ይኑር፣ በፍጥነት ይጠጣ።

መብራት በማይዘልቅበት ወይም ግፊት በሌለበት ቦታ በስምጥ ሸለቆ የተሞከረው አማራጭ የአጥንት ከሰል ነው። በአግባቡ የተቃጠለ የከብት አጥንት ፍሎራይድን ደህና አድርጎ ይይዛል፤ በደንብ ያልተቃጠለው ግን ውሃውን ያሸታል፣ ያበልዘዋልም። ለአንዳንዱ ቤተሰብ አጥንት መሆኑ ራሱ በእምነት ወይም በጾም ምክንያት አይዋጥም፣ ይህን ሳይጠይቁ ለሰው ቤት መግዛት አይገባም። አክቲቬትድ አሉሚና (ፍሎራይድን የሚይዝ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት) የተሻለ ይመስላል፣ ግን የሚሠራው ትንሽ አሲዳማ ውሃ ላይ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ አልካላይን ስለሆነ የተጻፈለትን ያህል አይዘልቅም። በአሉም (አሉሚኒየም ሰልፌት) እና በኖራ የሚደረገው የናልጎንዳ ዘዴ በየቀኑ መመዘን፣ ማማሰልና ዝቃጩን መድፋት ይጠይቃል፤ ለቤት ሳይሆን ኃላፊ ላለው የመንደር ጣቢያ ይሻላል።

የሁሉም የጋራ ድክመት ሲሞሉ ምልክት አለመስጠታቸው ነው። ጣዕሙ አይለወጥም፣ ቀለሙ አይለወጥም። መጀመሪያ በሦስት ወር፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ ከማጣሪያው የወጣውን ውሃ ፍሎራይድ ያስለኩ። ከ1.5 ባለፈ ቀን ውስጡ ይቀየር።

ከመሳሪያ በፊት ግን ምንጭ መቀየር ይታሰብ። መሸፈን ያለበት ሁሉም ውሃ አይደለም፤ ፍሎራይድ የሚገባው በመጠጥና በምግብ ነው፣ በመታጠብ አይደለም። በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ከተገኘ ዋናው ሥራ አልቋል። የጣሪያ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይለቀቅና ቀጥሎ ያለው ይያዝ፣ በክሎሪን ይታከም። የታሸገ ውሃ የሚገዙ ከሆነ ሃይላንዱ ላይ ያለውን መለያ ያንብቡ፣ ፍሎራይድና ሶዲየም ተጽፎ ይገኛል። ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ስላለው ጠዋትም ማታም የጠቆረ ሻይ ለሕፃናት መስጠት በእነዚህ ቦታዎች ይቀንስ።

ለአዲስ አበባና በፈረቃ ውሃ ለሚያገኝ ሁሉ፦ ሮቶና ክሎሪን

ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያውን ቡናማ ውሃ ወደ ሮቶ አያስገቡ፤ መግቢያው ላይ ማፍሰሻ ቧንቧ ያስገጥሙ። ሮቶው በየስድስት ወሩ ይታጠብ፦ ባዶ ያድርጉት፣ በብሩሽ ይፍጉት፣ ከዚያ ሞልተው በ1,000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ይጨምሩ። 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይደፋ፣ ይለቅለቅ። ለዕለት ጥንቃቄ ለ1,000 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር በረኪና 2 ሚሊግራም ይሰጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቀረው ክሎሪን ከ0.2 እስከ 0.5 ሊሆን ይገባዋል፣ ካነሰ ውሃው ወይም ሮቶው ቆሽሿል። ለጀሪካን ውሃ አጋር ወይም አኳታብስ መለያው በሚለው መጠን ይጠቀሙ። የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ ረግቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፣ አለበለዚያ ክሎሪኑ በደለሉ ላይ ያልቃል።

ሸክላ ማጣሪያ ለዚህ ዓይነት ውሃ ጥሩ ነው፤ ደለልና ባክቴሪያ ይይዛል። ፍጥነቱ ሲቀንስ በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ይጠረግ፣ በሳሙና አይታጠብ። የተሰነጠቀ ሻማ (ውሃው የሚያልፍበት የሸክላው ክፍል) ግን ይጣል፣ ስንጥቁ በዓይን ባይታይም ውሃው ከወትሮው ፈጥኖ መውረድ ከጀመረ ተሰንጥቋል። ከሰል ካርትሪጅ የክሎሪን ሽታ ያጠፋል፣ ግን ጊዜው ካለፈ ራሱ የጀርም ጎጆ ይሆናል። ሽታው ብቻ ለሚያስቸግረው ሰው ውሃውን በክፍት ዕቃ ሌሊቱን ማሳደር ያለ ወጪ ይፈታዋል።

ተከራይ ከሆኑ፣ ወይም ምንም መትከል ካልፈለጉ

ካልሲየም ባለበት ከተማ የቦይለሩን ቴርሞስታት 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ከዚያ በላይ በወጣ ቁጥር ቅርፊቱ ይፈጥናል። በዓመት አንዴ ይከፈት። ቆጣሪው ላይ መብራቱን ያጥፉ፣ የውሃ መግቢያውን ይዝጉ፣ ያፍስሱ፣ ፍላንጁን ፈትተው ማሞቂያውን ያውጡ። በሊትር ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይዘፍዝፉት። ሥሩ ላይ የተጠራቀመውን ነጭ ፍርፋሪ ያውጡ፣ ጎሚኒውንና የማግኒዚየም ዘንጉን አይተው ካለቁ ይቀይሩ። ማንቆርቆሪያ በአቼቶና በውሃ እኩል ተቀላቅሎ ሞቅ ብሎ ለግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ የሻወሩ ራስ አቼቶ በተሞላ ፌስታል ታስሮ ይደር። የመጸዳጃ ማጽጃ ጠንካራ አሲድ ለቦይለር አይጠቀሙ፣ የውስጡን ሽፋንና መዳቡን ይበላል። አሲድና በረኪና በምንም ዓይነት አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል።

ፍሎራይድ ባለበት ከተማ የሚከራዩ ከሆነ ደግሞ ኮንትራት ከመፈረምዎ በፊት ግቢው ውሃ የሚቀዳው ከከተማው መስመር ነው ወይስ ከጉድጓድ ብለው አከራዩን ይጠይቁ። ከጉድጓድ ከሆነ ውጤት ያለው ወረቀት ያሳይዎ። ከሌለው ውሃውን እርስዎ ያስመርምሩ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ፓምፕ ያለው ትንሽ አር ኦ ይግዙ፤ ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ።